የመልእክት ጥበብና የሠሪው ሥልጣን

በዚህ በዘመናችን የሕዝብን ኑሮ ለማሻሻል የተነሡ ሰዎች፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም ሆኑ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች፣ ከእነርሱም ጋር የተባበሩ ሠዓልያን፣ ጸሐፍተ ተውኔትና የሕንፃ ነዳፊዎች፣ ያለ ምርመራ የተቀበሉት አንድ አስተያየት አለ፤ እርሱም ኪነ ጥበብ ማኅበራዊ ለውጥን የምታመጣው ለሕዝቡ መልእክት በማድረስ ነው፣ ሕዝቡ ያላወቀውን ያውቅ ዘንድ፣ የለመደውን ክፉ ነገር ይተው ዘንድ፣ ያለመደውንም በጎ ነገር ይለምድ ዘንድ በግድግዳ ሥዕል ይመከራል፣ በተውኔት ይገሠጻል፣ በአዲስ ቤትና በአዲስ አደባባይ አሠራር ይታረማል የሚል ነው። አስተያየቱ ከቅን ልብ የመነጨ ስለ ሆነ የሚሟገተው እምብዛም አይገኝም፤ የሚሟገት ቢገኝም የጥበብ ጠላት ወይም የሕዝብ ጠላት ይመስላል። እኔ ግን ጥበብንም ሕዝብንም ስለምወድ ይህን አስተያየት እቃወማለሁ። ሥዕልና ተውኔት፣ ሸማና ቤት የሰውን ኑሮ ሊለውጡ እንደሚችሉ አልጠራጠርም፤ የሚለውጡት ግን በላያቸው በተጻፈው ምክር ሳይሆን ማን እንደ ሠራቸው፣ ማን እንዳዘዘባቸው፣ ሠሪውም በማን ፊት መልስ እንደሚሰጥ በሚወስነው ሥርዓት ነው፤ ይህ ሥርዓት ሳይነካ የቀረ እንደ ሆነ፣ የሥዕሉ ቀለም የቱን ያህል ቢያምር፣ የተውኔቱም ቃል የቱን ያህል ቢጣፍጥ፣ ሰጪው ሰጪ፣ ተቀባዩም ተቀባይ ሆነው ይኖራሉ።

የዚህ አስተያየት ጠበቆች በአገራችን ሲከራከሩ አስቀድመው የሚጠሩት ምስክር ቤተ ክርስቲያንን ነው። ማንበብ ለማይችለው ምእመን የመቅደሱ ግድግዳ መጽሐፍ ሆኖለት ኖሯል፤ አባቶቻችን በሥዕል አስተምረዋልና እኛም በሥዕል ብናስተምር የአባቶቻችንን መንገድ እንከተላለን ይላሉ። ምስክሩ ታላቅ ነው፤ ምስክርነቱ ግን ለእነርሱ አይደለም። ሥዕለ አድኅኖ ምእመኑን እንደ አላፊ አግዳሚ የሚመለከት ማስታወቂያ አልነበረም፤ በቅዳሴው፣ በማኅሌቱና በበዓላቱ ሥርዓት ውስጥ የቆመ፣ መጋረጃ የሚጋረድለት፣ ዕጣን የሚታጠንለት፣ ምእመኑ ተሳልሞት በፊቱ የሚሳልበትና የሚያለቅስበት ነው። ሠዓሊውም አብዛኛውን ጊዜ በዚያው በቤተ ክህነት ትምህርት ያደገ፣ የሚሥለውን ገድል ከሚያየው ምእመን ጋር አብሮ የሚያምን፣ ሥርዓቱን ቢያፋልስም ካህናቱ የሚያርሙት ሰው ነበር። ደግሞም ሥዕሉን ያሠራው ባለጸጋ ወይም መኰንን በሥዕሉ ውስጥ ሲገባ፣ ስሙ ተጽፎ፣ ከእመቤታችን ወይም ከጻድቁ እግር ሥር ተደፍቶ ሲማፀን ይታያል፤ ገንዘብ የከፈለው ሰው ስፍራ የለማኝ ስፍራ ነው። ዛሬ በትምህርት ቤቱና በጤና ጣቢያው አጥር ላይ በምናየው ሥዕል የለጋሹ ዓርማ ከራስጌ ይቀመጣል፣ ከሥር የሚሣለው ተመካሪው ሕዝብ ነው። ከእነዚህ ከሁለቱ አንዱ የሌላው ወራሽ ነው ማለት ሥርዓቱን ትቶ ቀለሙን ብቻ ማየት ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነኝ ግን ይህ አስተያየት ጥበብ በኢትዮጵያ ያለባትን የመጀመሪያውን ግዳጅ ዘልሎ ማለፉ ነው። እኛ ለብዙ መቶ ዓመታት የጥበበኛን ሥራ ለብሰን፣ በጥበበኛ ሥራ አርሰን፣ በጥበበኛ ሥራ ጋግረን ጥበበኛውን ስንንቅ የኖርን ሕዝብ ነን። ማረሻውን የሚቀጠቅጠውን ጠይብ፣ ቆዳውን የሚያለፋውን ፋቂ፣ ጋቢውን የሚሠራውን ሸማኔ፣ ምጣዱንና ጀበናውን የምትሠራውን ሸክላ ሠሪ በስድብ ጠርተን፣ ብዙዎቹንም ቡዳ ናቸው ብለን ከማዕድና ከጋብቻ ለይተን አኑረናል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ እንዲቀር አዋጅ እስከ ማስነገር የደረሱት ነውሩ ምን ያህል ሥር የሰደደ ቢሆን ነው! አዋጁ መልካም ቃል ነበር፤ ስድቡ ግን ከአዋጁ በኋላም ኖረ፤ መልእክት በንጉሠ ነገሥት አፍ እንኳ ተነግሮ የሠሪው ኑሮና ሥልጣን ካልተለወጠ ፍሬው ጥቂት መሆኑን ለማወቅ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አያስፈልግም። ከጎንደር ወደ ሰሜን በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በወለቃ የቤተ እስራኤል ሴቶች ሸክላ ሲሠሩ፣ ወንዶቻቸውም ብረት ሲቀጠቅጡ፣ ገበያተኛው ዕቃውን ወድዶ ሠሪውን እየፈራ ዘመናት አለፉ፤ አብዛኛውም ሕዝባቸው በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በተደረጉት ታላላቅ ጉዞዎችና በሌሎችም መንገዶች ወደ እስራኤል ሲሄድ፣ ያ የእጅ ዕውቀት ከባለቤቶቹ ክብር ጋር ሳይታረቅ ተለያየን። እንግዲህ እንዲህ ያለ ታሪክ ባለበት አገር አንድ ድርጅት ስለ እኩልነት የሚናገር ሥዕል ለማሠራት ሲነሣ፣ ሠዓሊውን ከከተማ አስመጥቶ፣ ሥዕሉ በሚሣልበት መንደር ቅርጽንና እሳትን ሲገዙ የኖሩትን ሸክላ ሠሪዎች የምክሩ ተቀባዮች አድርጎ ቢያስቀምጣቸው፣ የሚያወግዘውን ንቀት በራሱ እጅ ይደግመዋል። ለእነርሱ የሚጠቅመው ሥራቸው በሙሉ ዋጋው መገዛቱ፣ የሥራውን ዓይነትና መጠን እነርሱ መወሰናቸው፣ ልጆቻቸውም ሙያውን ሳያፍሩበት መውረሳቸው ነው።

መልእክትን የጥበብ ነፍስ አድርገው የሚያዩ ሰዎች ሊመልሱት የሚገባ ከባድ ጥያቄም በራሳችን ታሪክ ውስጥ አለ። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በወሎ የደረሰውን ረኀብ በፊልም ቀርጾ ለዓለም ሲያሳይ የተሰወረ እውነትን ገልጧል፤ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን ሊወርዱ አንድ ሌሊት ሲቀር፣ ደርግ ያንኑ ፊልም በቴሌቪዥን ሲያሳይ ግን የረሀብተኛውን ምስል ከቤተ መንግሥቱ ግብር ምስል ጋር አጣምሮ ነበር። መልእክቱ ደረሰ፤ የሕዝቡም ልብ ተነካ። ከ10 ዓመት በኋላ፣ በ1977 መባቻ፣ ያው መንግሥት የአብዮቱን በዓል ሲያከብር፣ በሰሜን ኮሪያ ቀራፅያን እርዳታ የተሠራው የትግላችን ሐውልት በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አጠገብ ሲመረቅ፣ አደባባዮቹም በቀይ ጨርቅና በመሪዎች ሥዕል ሲሸፈኑ፣ በወሎና በትግራይ ሕዝብ ዳግመኛ በረኀብ ያልቅ ነበር፤ በዚህ ጊዜ ግን የረኀቡን ምስል ከበዓሉ ምስል ጋር አጣምሮ ለአገሩ ሕዝብ የሚያሳይ ቴሌቪዥን አልነበረም። ጥበብ የመልእክት ማድረሻ ናት ብሎ የሚያምን ሰው የፊተኛውን መልእክት ወድዶ የኋለኛውን ቢጠላ፣ የሚነቅፈው ይዘቱን ብቻ ነው፤ አሠራሩን ለመንቀፍ የሚያስችል መሠረት ግን የለውም፤ ሁለቱም ካሜራውንና አደባባዩን ከያዘው ወደማይዘው የወረዱ ናቸውና። ሕዝቡ መልሶ የሚናገርበት መንገድ በሌለበት ስፍራ በጎ መልእክትና ክፉ መልእክት በአንድ በር ይገባሉ።

የኤድስም ዘመን ሌላ ትምህርት ትቶልን አልፏል። በሽታው በአገራችን መስፋፋት በጀመረበት ጊዜ ሕዝቡ እንዲጠነቀቅ ተብሎ የተነገረውና የተሣለው ነገር ብዙው ስለ ሞት ነበር፤ ሰውም ከመጠንቀቅ ይልቅ የታመመውን መሸሽ ተማረ፣ ጽዋውን ለየበት፣ ቤቱን አላከራይ አለው። ይህ ፍርሃት መሰበር የጀመረው ከፊተኛው የተሻለ ሥዕል ስለ ተገኘ አይደለም፤ ቫይረሱ በደማቸው ያለባቸው ሰዎች ራሳቸው እንደ መቅድምና እንደ ተስፋ ጎሕ ያሉ ማኅበራትን አቋቁመው በገዛ ፊታቸው በሕዝብ ፊት ስለ ቆሙ፣ ነገሩም በየዕድሩና በየቡናው ላይ በጎረቤት አንደበት ስለ ተነገረ ነው። ተከራካሪዬ በዚህ ላይ «የቀን ቅኝት»ን ሊጠቅስብኝ ይችላል፤ ቢጠቅስም ተገቢ ነው። ያ የሬዲዮ ድራማ ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በ257 ክፍል ሲተላለፍ ስለ ቤተሰብ ምጣኔና ስለ ኤድስ ብዙ ቤት እንዳነጋገረ የሚክድ የለም፤ ነገር ግን ኃይሉ ከየት እንደ መጣ እንመርምር። ከሁለት ዓመት በላይ በየሳምንቱ ወደ ሰው ቤት ገባ፤ ገጸ ባሕርያቱ እንደ ሰፈር ሰው ታሙ፣ ተፈረደባቸው፣ ታዘነላቸው፤ አድማጮችም በሺህ የሚቆጠር ደብዳቤ ጻፉ። ምክሩ ብቻ ለውጥ የሚያመጣ ቢሆን ኖሮ በአንድ ገጽ ማስታወቂያ ታትሞ ያልቅ ነበር፤ ድራማውን ድራማ ያደረገው አድማጩ ገብቶ የሚሟገትበት ሸንጎ መሆኑ ነው።

ስለ ሥዕልና ስለ ተውኔት ይህን ያህል ካልሁ፣ ከሁሉ ይልቅ ኃይለኛ ወደ ሆነው ጥበብ፣ ወደ ቤት አሠራር ልለፍ፤ ሥዕሉን ያልወደደ ሰው ፊቱን ማዞር ይችላል፣ ቤቱን ግን ይኖርበታልና። በ1996 ዓ.ም. በቦሌ ገርጂ በሙከራ የተጀመረው፣ ኋላም በመላው አዲስ አበባና በክልል ከተሞች የተስፋፋው የኮንዶሚኒየም ሥራ፣ በአገራችን የሕዝብን አኗኗር በንድፍ ለመለወጥ ከተደረጉት ሙከራዎች ሁሉ ታላቁ ሳይሆን አይቀርም። ጣሪያው ከሚያፈስ የቀበሌ ቤት፣ ለብዙ ቤተሰብ አንድ መጸዳጃ ካለበት ግቢ ወጥቶ የራሱ ውሃና መብራት ወዳለው ቤት የገባ ሰው ያገኘውን በረከት ማንም ሊያቃልለው አይገባም። ነዳፊዎቹም ሕዝቡን አላሰቡትም ማለት ሐሰት ነው፤ ሰው እንጀራ እንደሚጋግር፣ ለበዓል በግ እንደሚያርድ፣ ልብስ እንደሚያጥብ አውቀው ለዚህ የሚሆን ቤት በየግቢው ለብቻ አቆሙ፤ ነዋሪው ኮሙናል ብሎ የሚጠራው ነው። እኔ የምሟገተው ካላሰቡት ሰዎች ጋር ሳይሆን አስበውለት ካልጠየቁት ሰዎች ጋር ስለ ሆነ፣ በዚህ በኮሙናሉ ላይ ጥቂት መቆየት እፈልጋለሁ።

ነዳፊው ልማዱን ከሩቅ ተመልክቶ ስም ሰጠው፣ ስፍራም መደበለት። ነገር ግን በአራተኛው ፎቅ ያለች እናት ሊጡንና ማገዶውን ተሸክማ ያን ሁሉ ደረጃ ስትወርድ ሕፃኑን ማን እንደሚጠብቅላት፣ ጭሱ ወደ ማን መስኮት እንደሚገባ፣ ቁልፉ በማን እጅ እንደሚያድር፣ ተራውን ማን እንደሚደለድል፣ በነጠላዋ ሸፍና በራስዋ ምጣድ የምትጋግረውን ባልተዋወቀ ሰው ፊት ልትጋግር ትወድ እንደ ሆነ ሊያውቅ የሚችለው እርስዋ በንድፉ ላይ ቃል ቢኖራት ብቻ ነበር። ቃል አልነበራትም። ስለዚህ በብዙ ሰፈር ኮሙናሉ የታሰበለትን ሥራ ሳይሠራ ለሱቅና ለሌላም አገልግሎት ተከራየ፤ እንጀራው በጠባቡ ወጥ ቤት ወይም በሰገነቱ ላይ በኤሌክትሪክ ምጣድ ይጋገራል፣ ከሰሉ በመተላለፊያው ይቀጣጠላል፣ በጉ በመኪና ማቆሚያው ይታረዳል፣ የለቅሶውም ድንኳን እዚያው ይተከላል። በዕጣም ሆነ በምትክ ቤት ሲታደል ደግሞ በልደታና በአራት ኪሎ በአንድ ዕድር ሲቀባበሩ የኖሩ ሰዎች አንዱ ወደ ጀሞ፣ አንዱ ወደ የካ አባዶ ሄደ፤ በግቢዋ በር ላይ ጉልት ዘርግታ ልጆች ታሳድግ የነበረችው ሴት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ደጅ አጣች፤ ክፍያውን ያልቻለም ቤቱን ለሌላ አከራይቶ ወደ ሌላ ጎጆ ገባ።

ለዚህ ሁሉ መድኀኒት ተብሎ የሚሰማው ምንድን ነው? ሕዝቡ በፎቅ መኖርን አልለመደምና ይማር የሚል ነው፤ ስለ ንጽሕና ማስታወቂያ ይለጠፍ፣ ስለ አብሮ መኖር አጭር ድራማ ይሠራ፣ በግንቡ ላይ ሥዕል ይሣል። ሕዝቡን እንደ ባዶ ማድጋ ቆጥሮ ለመሙላት መቸኰል ይህ ነው። ነዋሪው ግን ባዶ አይደለም፤ ሰገነቱን በቆርቆሮ ሲዘጋ፣ ከሕንፃው ሥር ሱቅ ሲከፍት፣ በማያውቃቸው ሰዎች መካከል አዲስ ዕድር ሲያቋቁም፣ የመኪና ማቆሚያውን ለኀዘን ቀን ባዶ ሲያደርግ ንድፉን በሥራ እያረመው ነው። እነዚህ እርማቶች ለባለሙያው ከአንድ ሺህ መጠይቅ ይልቅ ይናገራሉ፤ እንደ ደንብ መተላለፍ ተቆጥረው በማስጠንቀቂያ ከሚታለፉ ይልቅ ለሚቀጥለው ንድፍ መነሻ ሊሆኑ በተገባቸው ነበር።

ይህ ሁሉ የችኮላ ወይም የገንዘብ ማነስ ጥፋት ነው፣ አገሩን የሚወድ አስተዋይ ነዳፊ ቢገኝ ኖሮ ይስተካከል ነበር የሚል ሰው የግብፃዊውን የሐሰን ፈትሒን ታሪክ ያስታውስ። ይህ ሰው ሲሚንቶንና ባዕድ ቅጂን ንቆ፣ ከኑቢያ ግንበኞች በጭቃ ጡብ ቅስት የማቆምን ጥንታዊ ሙያ ተምሮ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1940ዎቹ አጋማሽ ላይ ከሉክሶር ማዶ፣ ከዓባይ በስተ ምዕራብ፣ አዲስ ጉርና የተባለውን መንደር ለድኾች ሠራላቸው። መስጊዱ፣ ገበያው፣ ትምህርት ቤቱ፣ በውስጥ አደባባይ ዙሪያ የተሠሩት ቤቶች የነዳፊዎችን ዓይን የማረኩ ናቸው። መንደሩን ያዘዘው ግን የቅርሳ ቅርስ መሥሪያ ቤት ነበር፤ የታዘዘውም በጥንታውያን መቃብሮች ላይ ሰፍረው ከመቃብሮቹ በሚገኘው ነገር የሚተዳደሩትን ሰዎች ከስፍራው ለማንሣት ነበር። ሰዎቹም አብዛኞቹ እንቢ አሉ፤ ሥራው ሳይፈጸም ተቋረጠ፣ ነዳፊውም ኀዘኑን በመጽሐፍ ጻፈ። እርሱን ሳስብ አከብረዋለሁ፤ ከሕዝብ የተገኘ ቅርጽን ከማንም ይልቅ አፍቅሯልና። ነገር ግን ቅርጹን ከሕዝብ መውሰድና ውሳኔውን ለሕዝብ መተው ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ጉርና የፊተኛውን አገኘች፣ የኋለኛውን አላገኘችም።

በእኔ ላይ ሊነሣ የሚችለውን ጽኑ ተቃውሞ አላልፈውም። ሥልጣኑ ሁሉ ለማኅበረሰቡ ይሰጥ ካልን፣ ማኅበረሰቡ ራሱ ሴት ልጁን ያለ ዕድሜዋ ሲድር፣ ጠይቡን ሲንቅ፣ ድውዩን ሲያገል ማን ይቃወመው? ከውጭ የሚመጣ መልእክት ለነዚህ የተጨቈኑ ሰዎች ብቸኛ ረዳታቸው አይደለምን? ጥያቄው እውነተኛ ነው። መልሱ ግን በፎገራ ወረዳ በአውራ አምባ ይገኛል። በ1960ዎቹ ዙምራ ኑሩና ጥቂት ገበሬዎች ያቋቋሙት ያ ማኅበር የሴትን እኩልነት በግድግዳ ላይ አልሣለውም፤ ሴቲቱን በሸማኔው ጉድጓድ አስቀመጣት፣ ወንዱንም እንዝርት አስያዘው፤ ምድጃውንና መቀመጫውን ከዚያው ከመንደሩ ጭቃ አበጀ፤ ኑሮውም በልማድ ላይ የተነሣ ሙግት ሆነ። ጎረቤቶቻቸው ጠሉአቸው፣ በደርግም ዘመን ማብቂያ ላይ ከአገራቸው ተሰደው ነበር፤ ተመልሰው ግን እስከ ዛሬ ይኖራሉ፣ ሊያያቸውም ብዙ ሰው ይሄዳል። የተጨቈነ ሰው የሚያስፈልገው በስሙ የሚናገርለት ሠዓሊ ሳይሆን ጥሬ ዕቃ፣ ገበያ፣ ከለላና ጊዜ መሆኑን እነዚህ ሸማኔዎች አሳይተዋል።

ታላላቅ ሠዓልያን ከገዛ ኅሊናቸው ስለሚፈጥሩት ሥራ ይህን ሁሉ አለማለቴን አንባቢዬ ይረዳልኛል፤ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ማንንም ሳያስፈቅድ ቢሥል መብቱ ነበር፣ ሥራውም ማንንም ከቤቱ አላፈናቀለም። እኔ የምናገረው በሕዝብ ስም፣ ለሕዝብ ለውጥ ተብሎ፣ በሕዝብ ወይም በለጋሽ ገንዘብ ስለሚሠራው ነው። ሠሪው ባለ ሥልጣን የሆነበትን ሥራ ለማየት ለሚሻ ምሳሌ አለ፤ የዶርዜ ሰው ከቀርከሃ የሚጎነጉነውን ረጅሙን ቤቱን ምስጥ ከግርጌው እየበላው ሲያሳጥረው፣ ከሥሩ ቆርጦ ወደ ሌላ ስፍራ ተሸክሞት ሲሄድ፣ ያን ቤት የሚጠግነውና የሚፈርድበት ራሱ ነው። በአዲስ አበባ በመካኒሳ በ2011 ዓ.ም. የተከፈተው ዞማ ሙዚየም ኤልያስ ስሜና መስከረም አሰግድ በጭቃና በጭድ ያቆሙት ሲሆን፣ ጭቃ ቤት የድህነት ምልክት ሆኖ በተናቀበት ከተማ ውስጥ ጭቃ መራጊውን የጥበብ ባለቤት አድርጎ አሳይቷል፤ ለከተማው ምክር ከሚሰጡ ብዙ ሥዕሎች ይልቅ የዚህን ሙዚየም አንድ ግድግዳ እመርጣለሁ።

ስለዚህ ገንዘብ ለሚሰጡትና ንድፍ ለሚሠሩት የማቀርበው ጥያቄ ግልጽ ነው። የሚቀጥለው የጋራ መኖሪያ ንድፍ ከመጽደቁ በፊት ወደ ቤቱ የሚገቡት ሰዎች ታውቀው፣ ዕድራቸው ሳይበተን አብረው ተመድበው፣ ንድፉን ለማየት ብቻ ሳይሆን ለመጣልም ሥልጣን ይኑራቸው፤ ሸክላ ሠሪው፣ ሸማኔውና ጭቃ መራጊው በንድፉ ስብሰባ ላይ የሚቀመጡት እንደ ተጠቃሚ ሳይሆን አበል እንደሚከፈለው ባለሙያ ይሁን፤ ለሥዕልና ለማስታወቂያ ከሚመደበው ገንዘብ ከፊሉ ሕንፃው ከተመረቀ በኋላ ለሚደረገው እርማት ይቀመጥ። ጊዜ ይፈጃል ይሉኛል፤ አዎን፣ ይፈጃል፤ ሳይጠየቅ የተሠራውን ማፍረስና እንደ ገና መሥራትም ጊዜ ይፈጃል። የወጥ ቤትዋ ስፋት ሲወሰን ድምፅ ያልተሰጣት ሴት ግን ስለ ወጥ ቤት ንጽሕና የሚመክር ሥዕል በደጇ ሲሰቀልባት፣ የቱንም ያህል የተዋጣለት ሥዕል ቢሆን፣ እኔ ከእርስዋ ጋር ሆኜ እቃወመዋለሁ።